ከክሩዝ መርከብ የገዛችሁት መጠጥና ቀረጡ፦ ከሱቁ እስከ ጉምሩክ ድረስ ደረጃ በደረጃ

የመርከቡ ሱቅ በር ላይ በትልቁ «ዲዩቲ ፍሪ» ተብሎ ተጽፏል። ሰው ያንን አይቶ ሦስት አራት ጠርሙስ ይገዛል። መርከቡ ወደብ ሲደርስ ጉምሩክ ያስቆመዋል። «ከቀረጥ ነፃ ተብሎ ነው እኮ የተሸጠልኝ!» ይላል። እውነቱን ነው፣ ግን አያድነውም።

ሱቁ ነፃ ያደረጋችሁ እሱ ራሱ ሊሰበስበው ከሚችለው ቀረጥ ብቻ ነው። የምትወርዱበት አገር የራሱ ቀረጥ አለው። የጠርሙሱን ቀረጥ የሚወስነው የሸጠላችሁ ሱቅ ሳይሆን ይዛችሁት የምትገቡበት አገር ነው። ይህን ከያዛችሁ የቀረው ሥራ ሊትር መቁጠር፣ ደረሰኝ መያዝና እውነቱን መናገር ነው።

አንድ ጊዜ ፍሎሪዳ ላይ ከመርከብ ወርደን ተሰልፈን ሳለ ከፊቴ የነበረ ሰው ሻንጣ ተከፈተ። ሁለት ጠርሙስ ሩም በፎጣ ተጠቅልሏል። ሦስተኛው ቡት ጫማ ውስጥ ገብቷል። ሲጠየቅ «አንድ ብቻ ነው የያዝኩት» ብሎ ነበር። ጠርሙሶቹን ወሰዱበት፣ እሱንም ወደ ጎን ክፍል አስገቡት። የሦስቱን ቀረጥ በልቤ ስደምረው ከ10 ዶላር የሚያልፍ አልነበረም። እስከ ዛሬ ያንን ፎጣ ሳስብ ያሳዝነኛል። ይህን መመሪያ የጻፍኩት ሌላ ሰው እዚያ እንዳይቆም ነው።

ከመነሳታችሁ በፊት

ደረጃ 1፦ የየትኛው አገር ሕግ እንደሚመለከታችሁ ለዩ

መርከቡ የሚያርፍባቸውን ወደቦች በቅደም ተከተል ወረቀት ላይ ጻፉ። ከዚያ እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች መልሱ።

1. ሻንጣችሁን ይዛችሁ ለመጨረሻ ጊዜ የምትወርዱት የት አገር ነው? ዋናው ሕግ የዚያ አገር ነው።
2. ከዚያ ተነስታችሁ በአውሮፕላን ሌላ አገር ትገባላችሁ? እንዲያ ከሆነ ሁለት ጉምሩክ ይጠብቃችኋል። የሁለቱንም ገደብ ጻፉና አነስተኛውን ያዙ።
3. ጉዞው አውሮፓ ውስጥ ከሆነ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ያለ ወደብ ላይ ያርፋል?

ሦስተኛው ጥያቄ ብዙ ሰው ያምታታል። በኅብረቱ አገሮች መካከል ለሚጓዝ መንገደኛ ከቀረጥ ነፃ መሸጥ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 1999 ጀምሮ ቀርቷል። መርከቡ ከጣልያን ተነስቶ በፈረንሳይና በስፔን ዞሮ ከተመለሰ፣ በሱቁ የምትከፍሉት ዋጋ ታክሱን የጨመረ ነው። ስትወርዱ ለራሳችሁ መጠጫ እስከሆነ ድረስ ድጋሚ አትከፍሉም።

ከግሪኩ ወደብ ከፒሬየስ ተነስቶ ቱርክ ኩሻዳሲ አርፎ ወደ ፒሬየስ የሚመለስ መርከብ ግን ሌላ ነው። ቱርክ ከኅብረቱ ውጭ ናት። ስትመለሱ ከውጭ አገር እንደመጣ ሰው ትታያላችሁ፣ በደረጃ 2 ያለው ገደብም ይሠራባችኋል። በሄልሲንኪና በስቶክሆልም መካከል የሚመላለሱት መርከቦች ሌሊት በኦላንድ ደሴቶች ማሪሀምን ወደብ ላይ የሚቆሙትም በዚሁ ምክንያት ነው። የኦላንድ ደሴቶች የፊንላንድ ቢሆኑም ከኅብረቱ የቫት ክልል ውጭ ናቸው። መርከቡ እዚያ ካረፈ ከታክስ ነፃ መሸጥ ይችላል።

ደረጃ 2፦ ነፃ ድርሻችሁን በሊትር ጻፉ

«ነፃ ድርሻ» የምለው ምንም ሳትከፍሉ ይዛችሁ መግባት የምትችሉትን መጠን ነው። የሚቆጠረው በሊትር ነው፣ በጠርሙስ አይደለም። ከታች የምትገቡበትን አገር ፈልጉ።

*አሜሪካ (ለነዋሪዎች)*
- በመደበኛው የ800 ዶላር ነፃ ድርሻ ውስጥ 1 ሊትር መጠጥ ይገባል።
- በካሪቢያን ልዩ ስምምነት ውስጥ ካሉ አገሮች ስትመለሱ 2 ሊትር ይፈቀዳል። ነገር ግን ከሁለቱ ቢያንስ አንዱ እዚያው የተመረተ መሆን አለበት። ጃማይካ፣ ባርቤዶስና ባሃማስ በዝርዝሩ ውስጥ አሉ፣ ሜክሲኮ የለችም። ስለዚህ ከኮዙሜል የመጣ ቲኪላ ያው 1 ሊትር ብቻ ነው።
- ከአሜሪካ ቨርጂን ደሴቶች ስትመለሱ ድርሻው ወደ 1,600 ዶላርና ወደ 5 ሊትር ከፍ ይላል። ቢያንስ አንዱ ሊትር የደሴቶቹ ምርት ይሁን። ይህን ድርሻ ለመጠቀም ደሴቱ ላይ ካለ ሱቅ ግዙ፣ ደረሰኙንም ያዙ። በመርከቡ ሱቅ ከገዛችሁ ደሴቱ ላይ ገዛሁ ማለት አትችሉም።

*እንግሊዝ፣ ስኮትላንድና ዌልስ*
- 42 ሊትር ቢራ፣ 18 ሊትር ተራ ወይን።
- በዚያ ላይ ከ22 በመቶ በላይ አልኮል ያለው መጠጥ 4 ሊትር፣ ወይም ደግሞ እንደ ሻምፓኝና ፖርት ያለ 9 ሊትር።
- ከአውሮፓ ኅብረት ብትመጡም ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. ከ2021 መጀመሪያ ጀምሮ ልዩነት የለም።

*የአውሮፓ ኅብረት (ከኅብረቱ ውጭ ስትመጡ)*
- ከ22 በመቶ በላይ የሆነ 1 ሊትር፣ ወይም ከዚያ በታች የሆነ እንደ ሻምፓኝና ፖርት ያለ 2 ሊትር።
- በተጨማሪ 4 ሊትር ተራ ወይንና 16 ሊትር ቢራ።

*ካናዳ*
- ከሦስቱ አንዱን ምረጡ፦ 1.5 ሊትር ወይን፣ ወይም 1.14 ሊትር ጠንካራ መጠጥ፣ ወይም እስከ 8.5 ሊትር ቢራ።

*አውስትራሊያ*
- ለአንድ አዋቂ በድምሩ 2.25 ሊትር፣ የፈለጋችሁት ዓይነት።

*ኒው ዚላንድ*
- 4.5 ሊትር ወይን ወይም ቢራ፣ እና እያንዳንዳቸው ከ1.125 ሊትር ያልበለጡ ሦስት ጠርሙስ ጠንካራ መጠጥ።

ተጠንቀቁ። ገደቡን ስታልፉ የሚሆነው ነገር እንደ አገሩ ይለያያል። በአሜሪካ የምትከፍሉት ላለፈው ብቻ ነው። በብሪታንያና በአውስትራሊያ ግን ገደቡን ካለፋችሁ የምትከፍሉት ከዚያ ዓይነት ለያዛችሁት በሙሉ ነው። ትርፉን ብቻ ነው የምከፍለው ብሎ የገመተ ሰው እዚህ ይጎዳል።

በቁጥር እንየው። ወደ ለንደን የሚመለስ ሰው 70 ሳንቲ ሊትር የሆነ ውስኪ ገዛ። አምስት ጠርሙስ ማለት 3.5 ሊትር ነው፣ ነፃ ነው። ስድስተኛውን ሲጨምር 4.2 ሊትር ሆነ። ያለፈው 200 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። ቀረጡ ግን በስድስቱም ላይ ይመጣል። ወደ ሲድኒ የሚመለስ ሰው ሦስት ባለ 700 ሚሊ ሊትር ቢይዝ 2.1 ሊትር ነው፣ ያልፋል። ሦስት ባለ አንድ ሊትር ከያዘ ሦስቱንም ይከፍላል። ስለዚህ ለእነዚህ ሁለት አገሮች የመጨረሻዋን ጠርሙስ ከመግዛታችሁ በፊት ቆም ብላችሁ ደምሩ።

ደረጃ 3፦ ዕድሜንና ሰዓትን አረጋግጡ

ነፃ ድርሻ ያለው የምትገቡበት አገር የወሰነው ዕድሜ ላይ የደረሰ ሰው ብቻ ነው። በአሜሪካ 21፣ በአውስትራሊያ 18፣ በብሪታንያና በአውሮፓ ኅብረት 17 ዓመት ነው። ካናዳ እንደ ክፍለ ግዛቱ 18 ወይም 19 ነው። «ልጆቹን ጨምሮ አምስት ነን፣ አምስት ሊትር ይገባናል» የሚል ሒሳብ አይሠራም።

አጭር ጉዞ የሄደ ሰው ደግሞ ሰዓቱን ይቁጠር። ወደ አሜሪካ ስትመለሱ ከ48 ሰዓት በታች ውጭ ቆይታችሁ ከሆነ፣ ወይም ባለፉት 30 ቀናት ውስጥ ነፃ ድርሻችሁን ተጠቅማችሁ ከሆነ፣ ያላችሁ 200 ዶላር ብቻ ነው። በዚያ ውስጥ የሚፈቀደው መጠጥ 150 ሚሊ ሊትር ነው፣ አንድ ብርጭቆ ገደማ። የ48 ሰዓቱ ደንብ ከሜክሲኮና ከቨርጂን ደሴቶች ለሚመለስ አይሠራም። ካናዳም መጠጥ በነፃ ለማስገባት ቢያንስ 48 ሰዓት ውጭ መቆየት ይጠይቃል።

በወር ሁለቴ ክሩዝ የሚወጡ ሰዎች ሁልጊዜ የሚያዙት በ30 ቀኑ ደንብ ነው። ያለፈውን ጉዞ ቀን ስልካችሁ ላይ ጻፉት።

መርከቡ ላይ

ደረጃ 4፦ ባር ላይ የሚጨመረውን ታክስ ከአገልግሎት ክፍያ ለዩ

እስካሁን ያወራነው ይዛችሁ ስለምትወርዱት ጠርሙስ ነው። መርከቡ ላይ የምትጠጡት ሌላ ነገር ነው። ጠጥታችሁት የወረዳችሁት ጉምሩክን አይመለከተውም። ግን ደረሰኙ ላይ ታክስ ሊመጣ ይችላል።

ደረሰኙን አንስታችሁ ከላይ ወደ ታች አንብቡ። መጀመሪያ የመጠጡ ዋጋ አለ። ከሥሩ የአገልግሎት ክፍያ አለ፣ ብዙ መርከብ ላይ 18 ወይም 20 በመቶ ነው። ይህ ታክስ አይደለም፣ ባሕር መሀልም ቢሆን ይጨመራል። ከእሱ ሥር «ታክስ» ወይም «ቫት» የሚል መስመር ካለ መንግሥት የሚወስደው ያ ነው።

ይህ መስመር ብቅ የሚለው መርከቡ ወደብ ላይ ቆሞ ሳለ ወይም ከባሕር ዳርቻው ብዙ ሳይርቅ ነው። የአገሩ ውሃ ላይ እስካላችሁ ድረስ የአገሩ ታክስ ይመለከታችኋል። በስፔን ውሃ ላይ፣ ጉዞው ከኅብረቱ ውጭ የሆነ ወደብ የማይነካ ከሆነ፣ መጠጥ ላይ 10 በመቶ ቫት ይጨመራል። በአንዳንድ የአሜሪካ ወደቦችም መርከቡ እስኪወጣ ድረስ የግዛቱ የሽያጭ ታክስ ይመጣል። የመጠጥ ፓኬጅ ከፍላችሁም ታክሱ ለብቻው ሊመጣባችሁ ይችላል።

እንዲህ አድርጉ፦
1. በመጀመሪያው ቀን አንድ መጠጥ ብቻ እዘዙና ደረሰኙን ተመልከቱ።
2. የታክስ መስመር ካለ አስተናጋጁን «ይህ የሚቆመው ስንት ሰዓት ላይ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ያውቁታል።
3. መጠበቅ ከቻላችሁ ጠብቁ። ካልቻላችሁ ከፍላችሁ ጠጡ፣ ግን አውቃችሁት ይሁን።

የመርከቡ ሱቅ ወደብ ላይ ሳላችሁ የሚዘጋውም በዚሁ ምክንያት ነው። መርከቡ ሲንቀሳቀስ ይከፈታል።

ደረጃ 5፦ ከመክፈላችሁ በፊት ጠርሙሱን አንብቡ

ጠርሙሱን ከመደርደሪያው አውርዱና አዙሩት። አራት ነገር ፈልጉ።

1. መጠኑ። 70 ሳንቲ ሊትር፣ 750 ሚሊ ሊትር፣ 1 ሊትር ወይም 1.75 ሊትር ይላል። ባለ 1.75 ሊትሩ ዋጋው ያጓጓል። አሜሪካ ስትገቡ ግን 1 ሊትሩ ነፃ ሆኖ 0.75ቱ ይከፈልበታል።
2. የአልኮል መጠኑ። በመቶኛ ተጽፏል። ቀረጡም አውሮፕላን ላይ መፈቀዱም በዚህ ይወሰናል።
3. የተመረተበት አገር። «የጃማይካ ምርት» እንደሚለው ያለ ጽሑፍ። የካሪቢያን ሁለተኛዋ ሊትር የምታልፈው በዚህች መስመር ነው። ስሙ ሞቃት ደሴት የሚያስመስል ሩም ሌላ አገር የታሸገ ሊሆን ስለሚችል ስሙን አትመኑ።
4. ማሸጊያው። ክዳኑ ያልተነካ ይሁን።

ከፍላችሁ ስትጨርሱ ደረሰኙን ፎቶ አንሱ። የመርከብ ሱቅ ደረሰኝ ቀለሙ በሁለት ሳምንት የሚጠፋ ቀጭን ወረቀት ነው። ኪስ ውስጥ ከላብ ጋር ከዋለማ ከዚያም ቀድሞ ይጠፋል።

ደረጃ 6፦ ጠርሙሱን ሲወስዱባችሁ መለያውን ያዙ

ብዙ መርከቦች የሸጡላችሁን ጠርሙስ ወዲያው አይሰጧችሁም። ደሴት ላይ ገዝታችሁ የመጣችሁትንም መርከቡ በር ላይ ተቀብለው ያስቀምጡታል። የሚመልሱላችሁ በመጨረሻው ምሽት ነው። የተለመደ ነው፣ አትጨቃጨቁ።

ሲቀበሏችሁ ግን ሦስት ነገር አድርጉ። የክፍል ቁጥራችሁ በትክክል መጻፉን እዩ። የሚሰጧችሁን ቁራጭ ወረቀት ከመታወቂያችሁ ጋር አድርጉ። ጠርሙሱን ከነመለያው ፎቶ አንሱ። በመጨረሻው ምሽት መቶዎች በአንድ ጊዜ ሲጠይቁ ፎቶ ያለው ሰው ቶሎ ይስተናገዳል።

ደረጃ 7፦ በመጨረሻው ምሽት ሒሳቡን ሥሩ

ሁሉንም ጠርሙስ አልጋው ላይ አውጡ። በሎተሪ የደረሳችሁን፣ በስጦታ የመጣላችሁን፣ መርከቡ በነፃ የሰጣችሁንና ተከፍቶ የተረፈውንም ጨምሩ። ለጉምሩክ ሁሉም መጠጥ ነው።

ከዚያ ደምሩ። ምሳሌ ልስጣችሁ። አንዲት የአሜሪካ ነዋሪ ጃማይካን ከሚነካ የአምስት ሌሊት ጉዞ ተመለሰች። ሁለት ባለ አንድ ሊትር የጃማይካ ሩም አላት። ከመርከቡ ሱቅ ደግሞ አንድ ሊትር ውስኪ በ40 ዶላር ገዝታለች።

- በድምሩ 3 ሊትር።
- ነፃ ድርሻዋ 2 ሊትር፣ ምክንያቱም ሩሙ የጃማይካ ምርት ነው።
- የሚከፈልበት 1 ሊትር ውስኪ፣ 40 በመቶ አልኮል።

የፌዴራሉ ኤክሳይዝ በአንድ «ፕሩፍ ጋሎን» 13.50 ዶላር ነው። ፕሩፍ ጋሎን ማለት 50 በመቶ አልኮል ያለው አንድ የአሜሪካ ጋሎን ነው። አንድ ሊትር 0.264 ጋሎን ነው። 40 በመቶ ስለሆነ በ0.8 ሲባዛ 0.211 ይሆናል። በ13.50 ሲባዛ 2 ዶላር ከ85 ሳንቲም። በዚያ ላይ ከነፃ ድርሻ ላለፈ የግል ዕቃ የሚሠራው 3 በመቶ ቀረጥ 1 ዶላር ከ20 ሳንቲም ይጨምራል። በጠቅላላው 4 ዶላር ገደማ።

አያችሁ? ውስኪው የሚያስከፍለው ይህን ያህል ነው። ለዚህ ብሎ ጠርሙስ ጫማ ውስጥ መደበቅ አያስፈልግም። ወይን ከሆነ ኤክሳይዙ ከዚህም ያንሳል።

በአንድ ቤት የሚኖሩ የቤተሰብ አባላት አብረው ወደ አሜሪካ ከተመለሱ የ800 ዶላር ድርሻቸውን በአንድ ላይ ማሳወቅ ይችላሉ። በ200 ዶላሩ ድርሻ ግን መደመር አይቻልም። «አንዷን ጠርሙስ አንተ ያዝልኝ» ተብሎ ለጓደኛ የሚሰጥ ግን ማጋራት አይባልም። እሱ የራሱ ያልሆነውን የኔ ነው ብሎ ያሳውቃል፣ ሲጠየቅ ሁለታችሁም ትያዛላችሁ።

በመጨረሻ ቁጥሩን በትንሽ ወረቀት ላይ ጻፉ፦ ስንት ሊትር፣ ምን ዓይነት፣ የት የተመረተ፣ ስንት ዋጋ። ወረቀቱን ፓስፖርት ውስጥ አድርጉ።

ወደብ ላይ

ደረጃ 8፦ ሳትጠየቁ ተናገሩ

ቅጽ ከተሰጣችሁ ሙሉውን ሙሉ። ካልተሰጣችሁ በቃል አሳውቁ። ቅጽ አለመኖሩ ከማሳወቅ ነፃ አያደርግም። ቀይና አረንጓዴ መስመር ያለበት አገር ከሆነ ገደቡን ያለፈ ሰው በቀዩ ይግባ። ወደ ብሪታንያ የምትገቡ ከሆነ ከመድረሳችሁ በፊት እስከ አምስት ቀን ቀድማችሁ በኢንተርኔት አሳውቃችሁ መክፈል ትችላላችሁ። የመጨረሻው ጠዋት ግርግር ስለሚበዛበት ይህን እመክራለሁ።

መኮንኑ ፊት ስትቀርቡ እንዲህ በሉ፦ «ሦስት ሊትር ጠንካራ መጠጥ ይዣለሁ። ሁለቱ የጃማይካ ሩም፣ አንዱ ውስኪ ነው። ደረሰኙ ይኸው።» በቃ። ታሪክ አትጨምሩ። ብዙ ጊዜ የሚሆነው መኮንኑ ወረቀቱን አይቶ ወይ ወደ መክፈያው ይመራችኋል፣ ወይ ገንዘቡ ትንሽ ስለሆነ «እለፉ» ይላል። እለፉ ማለት የእሱ ውሳኔ ነው። ይለኛል ብላችሁ ግን አትቁጠሩ።

ተጠንቀቁ። አሜሪካ ላይ ሳታሳውቁ የተገኘባችሁ ዕቃ ይወረሳል፣ በላዩም የዕቃውን ዋጋ ያህል ቅጣት ሊጻፍባችሁ ይችላል። የ4 ዶላሩን ቀረጥ ፈርቶ የ40 ዶላር ውስኪውንም ሌላ 40 ዶላርም ማጣት ማለት ነው። ብዛት ያለው ካርቶን ከያዛችሁ ደግሞ ለንግድ ነው ተብሎ ሊጠረጠር ይችላል። ያኔ ጥያቄው ስለ ፈቃድ ይሆናል።

ደረጃ 9፦ የግዛቱን ግብር አትርሱ

አሜሪካ ውስጥ ከፌዴራሉ ጉምሩክ ሌላ ግዛቱም የራሱ ሕግ አለው። በደንብ የሚታየው ቴክሳስ ጋልቬስተን ላይ ነው። ከመርከብ ስትወርዱ የቴክሳስ የአልኮል መጠጥ ኮሚሽን ሠራተኞች የራሳቸው ጠረጴዛ አላቸው። ለግል ይዛችሁ ለገባችሁት መጠጥ የግዛቱን ግብርና የአገልግሎት ክፍያ ይቀበላሉ። ፌዴራሉ ነፃ ያደረገው ጠርሙስ ላይም የግዛቱ ግብር ሊኖር ይችላል። ስለዚህ «ጉምሩኩ አሳልፎኛል» ብላችሁ በጎን አትለፉ። ዕድሜያችሁን የሚያሳይ መታወቂያ እጃችሁ ላይ ይሁን።

ደረጃ 10፦ በአውሮፕላን የምትቀጥሉ ከሆነ

ከመርከብ ሱቅ የተገዛ ጠርሙስ በብዙ አየር ማረፊያዎች በእጅ ሻንጣ የአውሮፕላን ፍተሻ አያልፍም፣ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ነው። የአየር ማረፊያ ሱቆች የሚሰጡት ልዩ የታሸገ ከረጢት ብዙ ጊዜ መርከብ ላይ የለም። ስለዚህ ከፍተሻው በፊት ወደሚጫነው ሻንጣ አስገቡት።

- እስከ 24 በመቶ አልኮል ያለው፦ በአደገኛ ዕቃ ደንብ የመጠን ገደብ የለውም።
- ከ24 እስከ 70 በመቶ፦ ለአንድ ሰው እስከ 5 ሊትር፣ ያልተከፈተና በፋብሪካ ማሸጊያው እንዳለ።
- ከ70 በመቶ በላይ፦ ጨርሶ አይፈቀድም። በካሪቢያን የሚሸጠው 75.5 በመቶ ሩም እዚህ ይቀራል። ከመግዛታችሁ በፊት አስቡበት።

ጠርሙሱን በወፍራም ልብስ ጠቅልሉ፣ በፌስታል እሰሩ፣ ሻንጣው መሀል አስቀምጡ። ዳር ላይ ያለ ጠርሙስ ነው የሚሰበረው።

ነገር ሲበላሽ

ጠርሙሱ በመጨረሻው ምሽት ክፍላችሁ አልደረሰም። እስኪነጋ አትጠብቁ። ያኔውኑ መለያውንና ፎቶውን ይዛችሁ ወደ እንግዳ መቀበያ ውረዱ። ጠዋት ሱቁ ዝግ ነው፣ ሠራተኛውም ሰው በማውረድ ተጠምዷል።

ደረሰኙ ጠፋ። ከመርከቡ የተገዛ ከሆነ የክፍላችሁ ሒሳብ ላይ ስለተመዘገበ እንዲያትሙላችሁ ጠይቁ። ደሴት ላይ የተገዛ ከሆነ የባንክ ካርድ መልእክቱን አሳዩ። ሁለቱም ከሌለ እውነተኛውን ዋጋ በቃል ተናገሩ። መኮንኑ ራሱ ይገምታል፣ ግምቱም ከእናንተ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል።

ገደቡን አልፋችኋል፣ መክፈል ግን አትፈልጉም። ገና መርከቡ ላይ ከሆናችሁ ያልተከፈተውን ሱቁ ይመልስላችሁ እንደሆነ ጠይቁ። ወርዳችሁ ከሆነ ትርፉን ጉምሩክ ላይ ትታችሁ መሄድ ትችላላችሁ። በፖስታ ወደ ቤት ልላከው አትበሉ። የአሜሪካ ፖስታ ቤት የግለሰብ አልኮል አይቀበልም።

የተጠየቃችሁት ገንዘብ ከሒሳባችሁ በላይ ሆነ። በትህትና «የትኛው ጠርሙስ ላይ ስንት እንደመጣ ያሳዩኝ» በሉ። ብዙ ጊዜ ልዩነቱ የሚመጣው የተመረተበት አገር ሳይታይ ቀርቶ ነው፣ ጽሑፉን አሳዩ። ካልተስማማችሁ ኃላፊውን ጠይቁ። ያም ካልሆነ ከፍላችሁ ደረሰኙን ያዙና በኋላ በጽሑፍ አመልክቱ። ሰልፉ ላይ መሟገት ጊዜያችሁን እንጂ ገንዘቡን አያድንም።

ተጠይቃችሁ አንዱን ጠርሙስ ረሳችሁት። ሻንጣው ሳይከፈት በፊት ትዝ ካላችሁ ወዲያው ተናገሩ፦ «ይቅርታ፣ አንድ ጠርሙስ ረስቼ ነበር።» ፍተሻው ሳይጀመር የተነገረ ነገር እንደማሳወቅ የመታየት ዕድል አለው። ሻንጣው ከተከፈተ በኋላ ከሆነ ግን ማስረዳት በጣም ይከብዳል። ስለዚህ ወደ መኮንኑ ከመድረሳችሁ በፊት፣ ሰልፉ ላይ ሳላችሁ፣ ፓስፖርት ውስጥ ያለችውን ወረቀት አውጥታችሁ አንድ ጊዜ አንብቧት።